የዘይነባ ልጅ ክብደት

ደብረ ብርሃን፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በተጠለሉበት ካምፕ ነርስ ሆኜ ስሠራ የዘይነባ ልጅ ክብደት አልጨምር አለኝ። በየሳምንቱ የታሸገ አልሚ ምግብ እሰጣታለሁ፤ ሕፃኑ ግን ጭራሽ እየከሳ መጣ።

"እየሸጥሽው ነው አይደል?" አልኳት አንድ ቀን፣ ሰው ፊት።

እጄን ይዛ ወደ ድንኳኗ ወሰደችኝና ፍራሹን ገለጠችው። እሽጎቹ ከሥሩ ተደርድረዋል።

ደነገጥኩ። "ልጁ እየሞተብሽ እኮ ነው! ለምን አትሰጪውም?"

"ትንሽ ትንሽ እሰጠዋለሁ ሲስተር" አለችኝ፣ እሽጎቹን በፍራሹ መልሳ እየሸፈነች። "ስንሸሽ ታላቁ በረሃብ ሞቶብኝ መንገድ ላይ ቀብሬዋለሁ። ደግሞ ውጡ ያሉን ቀን ይሄኛው ምን ይብላ?"