ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጉድጓድ

ሰው ሁሉ ባሌን ቁጡ ነው ይለዋል። ተሳስተዋል። በዚህ ቤት ቁጡዋ እኔ ነኝ። እሱ ነዝናዛ ነው፤ ነዝናዛነቱም ለቧንቧ ብቻ ነው። አንዲት ሳንቲሜትር የሳተች ቧንቧ ካየ ነቅሎ ያወጣታል እንጂ አያልፋትም። ግንበኞቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ ውሃ ልክ የምትባለው ያቺ ቢጫ መለኪያ ከእጁ ስለማትለይ ነው። እኔም ሳኮርፈው በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

የቧንቧ ሥራው አዲስ ቤት ላይ ነው፤ ያውም በእነዚያ መቶ መቶ ካሬ በተሸነሸኑ ቦታዎች ላይ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከጓዳው ሆኖ «ይማርህ» በሚልባቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሰው ሦስት መኝታ ቤት ይፈልጋል። መኪና ሳይኖረው የመኪና ማቆሚያ ይፈልጋል። ከዚያ በተረፈችው ጥግ ላይ «የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እዚያ ሸጉጥልኝ» ይላል። ባሌም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸጉጥ ኖረ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሠርቶላት ነበር። ብቻዋን መንታ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የመንግሥት ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚመጣ በጓሮዋ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ፓምፑን የገጠመላት እሱ ነው። የሽንት ቤቷን ጉድጓድ ደግሞ ቦታዋ እስከፈቀደ ድረስ አርቆ በሩ ጋ አደረገላት። ውሃውን አስመርምሮ «እህቴ፣ ይኼን ሳትፈሪ ለልጆችሽ አጠጪ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው» አላት። ቤት መጥቶ ይህንኑ ሲነግረኝ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ቀጠረው። ወደ መምህሩ ቦታ የሚገባው በሌላ መንገድ ዞሮ ነው። ፕላኑ ማኅተም የተመታበት፣ ሁሉ ነገር ተለክቶ የተጻፈበት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ግን ወረቀቱ ነጭ ነው። ፕላን ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከአጥር ወዲያ ሰው አይኖርም። ባሌም እንደ ፕላኑ በጓሮው ጥግ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፈረ። ቧንቧዎቹን በሙሉ ወደዚያ እያዘነበለ ዘረጋ፤ በላያቸው የሳሎኑ ወለል ተሞላ።

አንድ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሲለካ የፓምፕ ድምፅ ሰማ። ሲነሳ ሁለት ጊዜ የሚያስል ፓምፕ። ያንን ሳል ያውቀዋል፤ የገጠመው ራሱ ነው። ወጥቶ ብሎኬት ደራረበና በአጥሩ ላይ አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ የልብስ ሰፊዋን የውሃ ጉድጓድ ክዳን አየ፤ ለካ ሁለቱ ግቢዎች ጀርባ ለጀርባ ናቸው። እሱ ካስቆፈረው ጉድጓድ ሁለት ሜትር ከአርባ። በዓይኑ ነው የለካው፤ ዓይኑ ደግሞ አይሳሳትም።

«ጋሼ፣ ይኼ ጉድጓድ እዚህ አይሆንም። ከኋላዎ የሰው መጠጥ ውሃ አለ። ወደ በሩ እናዙረው» አለው መምህሩን።

«ቧንቧው ተቀብሮ አልቆ የለም እንዴ?»

«ወለሉ ይሰበራል። እኔ እሰብራለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ፤ ከእርስዎ ሳንቲም አልፈልግም።»

«ሳሎኔን? ፈቃድ አለኝ፣ ማኅተም አለኝ። የኔ ቦታ እዚህ አጥር ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተም የኔም ጉዳይ አይደለም። ካልፈለግህ ሠራተኛ ሞልቷል።»

ያን ቀን ባሌ በጊዜ ገባ። ነገሩን ሁሉ ነገረኝና ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ቱግ አልኩ።

«ለሴትዮዋ ነገርካት?»

«ምን ብዬ ነው የምነግራት? ኃላፊነቱ የኔ ነው ያልኳት እኔ፣ የቆፈርኩት እኔ።»

«እንደሱ ብለህ ነዋ።»

«መምህሩ ሁለት ወንድሞች አሉት፤ ሁለቱም ዘንድሮ ቤት ሊጀምሩ ነው፤ ሥራው ይቀርብኛል።»

«የሴትዮዋም ልጆች ሁለት ናቸው» አልኩት። «ጫማህን አጥልቅ።»

አብሬው ሄድኩ። ብቻውን ብልከው ፓምፑን ነካክቶ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ አዳመጠችው። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ማነው የቆፈረው?» አለችው።

«እኔ።»

ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደችና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልታ መጣች፤ ፊቱ አስቀመጠችው። «ዛሬ ደህና ነው አይደል? ጠጣ። ከዚያ ለልጆቼ እስከ ስንት ወር እንደምሰጣቸው ለክተህ ንገረኝ» አለችው። ሁሉን የሚለካው ባሌ ብርጭቆውንም አልነካውም።

በማግስቱ መምህሩ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሲሚንቶ እየተቦካ ደረስን። ባሌ ለማንም ሰላም ሳይል በመሰላሉ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ መሰላሉን ጎትቼ አወጣሁና ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ሴትዮ፣ ባልሽን አስወጪልኝ፤ ፖሊስ እጠራለሁ» አለኝ መምህሩ።

«ይጥሩ። ሜትርም ይዞ ይምጣ» አልኩት።

ደሜ ፈልቶ ነበር። በመምህሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለአንዲት ሳንቲሜትር እንቅልፍ እያጣ ከአጥሩ ወዲያ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ባላየው ባሌም፣ ነጭ ወረቀት ላይ ማኅተሙን መታ እያደረገ ወደ ቤቱ በሚሄደው የፈቃድ ቢሮ ሰውዬም ነው። ሁሉም የየራሱን በትክክል ሠርቷል። ለዚያም ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

አዲሱ ቧንቧ ሠራተኛ ጭቅጭቁ ሲረዝምበት ብሎኬቱ ላይ ወጣና ራሱ አየ። ወርዶ እጁን አራገፈ። «ይኼንንስ እኔም አልሠራውም» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የተቦካው ሲሚንቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ ጀመረ። መምህሩ ሲሚንቶውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየ።

«ሳሎኔን ግን እንደነበረች አድርጎ ይመልሳታል» አለ።

ባሌ ወለሉን ሰብሮ ቧንቧውን ወደ በሩ ለማዞር ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። የኋላው ጉድጓድ በአፈር ተደፈነ። ወር ቆይቶ የልብስ ሰፊዋን ውሃ እንደገና አስመረመረና ወረቀቱን ይዘንላት ሄድን። ውሃው ንጹሕ ነው። ወረቀቱን አነበበችው፣ አጣጥፋም መለሰችለት። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የተገዛ ውሃ በጀሪካን ተደርድሯል።

«እህቴ፣ ተደፍኗል እኮ። ለምን አታጠጫቸውም?»

እሷ በግራ በኩል ያለውን አጥር በጣቷ አሳየችው። ከአጥሩ በላይ ቤት አይታይም፤ ባዶ ቦታ ነው።

«እዚያ ገና ማንም አልሠራም» አለችው። «ሲሠሩ አንተን ይጠሩሃል?»

ባሌ የዚያን ቦታ ባለቤት ስልክ ሲያፈላልግ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አገኘውና ደወለ። «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤትዎን ሲጀምሩ የሽንት ቤት ጉድጓዱን…» ሰውዬው ዘጋበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ ዘጋበት። ስልኩን ከእጁ ቀማሁትና እኔ ደወልኩ።