ግማሽ የእሱ፣ ግማሽ የእሷ

ልብስ ሰፊዋ አርባ ዓመት የሰው ሱሪ ስታሳጥር አንድ ቀን ልኬት ስታ አታውቅም። ጡረተኛው ሹፌር ባሏ ግን የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ልክ አልተገኘለትም። ኪኒን ስትሰጠው «መርዝ ነው» ብሎ ጥርሱን ይነክሳል። መላ ቢጠፋት አንድ ጠዋት ኪኒኑን በምላጭ ለሁለት ከፍላ፣ እያየ ግማሹን ዋጠችው። እሱም ግማሹን ዋጠ። በዚያው ለመደና፣ እሷ ከምትውጠው ሁሉ ካልተካፈለ ወይ ፍንክች! የእሷን የእንቅልፍ ኪኒን ሳይቀር ማታ ማታ ይካፈላት ጀመር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ ልጃቸው እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ ሰውየው መታጠቢያ ቤት ወደቀና ዳሌው ተሰበረ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማደንዘዣ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ልጅቷ የመድኃኒቱን ዝርዝር ሰጠችው።

«ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም?»

«የለም፤ የምገዛው እኔ ነኝ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ የእንቅልፍ ኪኒኗ ትዝ አላት። ብትናገር ልጇ ፊት ምን ልትባል ነው? ዝም ብትልስ? ባሏን አየችው፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ እንደ መሪ ጨብጦ ይነዳል።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችና አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው።

«እማዬ! አብደሻል እንዴ?»

«ቆዪ እህቴ» አለ ሐኪሙ። «እናቴ፣ እንኳን ነገሩኝ። የእንቅልፉ ኪኒን ከኔ መድኃኒት ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ያደክማል። የመርሳቱም ኪኒን ከአንዳንድ ማደንዘዣ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አላስተኛቸውም፤ ከወገብ በታች ብቻ አደነዝዛቸዋለሁ። የሚያረጋጋ መርፌም አልሰጣቸውም። እሱን ሥራ እርስዎ ይይዙልኛል።»

አረንጓዴ ጋውን አልብሰው ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧትና ባሏ ራስጌ አስቀመጧት። ሐኪሞቹ ከጋረዱት መጋረጃ ወዲያ አንድ ነገር ኳ ኳ ሲል ልቧ አብሮ ይመታል። ስትነጫነጭበት የኖረችውን ሰው ለካ እንዲህ ትወደው ኖሯል! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ባሏ አንገቱን አዙሮ አያት።

«ምነው እህቴ፣ ማን ታሞብዎት ነው?»

«ባሌ ነው።»

እጇን ፈልጎ ያዘ።

«አይዞዎት» አላት። «እስኪወጣ አብሬዎት እጠብቃለሁ።»