እኔ ያልሳልኩት ላጋን

ስሜ ባርኖ ነው። የእናቴም ስም ባርኖ ነው ማለት ይቻላል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚህ ነው።

የእናቴ እውነተኛ ስም ሪሶላት ነው። አባቴ ግን በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። በከተማችን በሪሽታን ጨዋ የሚባል ባል ሚስቱን በስሟ አይጠራም፤ ነውር ነው። የበኩር ልጁን ስም ይጠራል፣ ሚስትየው አቤት ትላለች። እኔ እስክወለድ ድረስ "ስሚ" ነበር የሚላት አሉ። እኔ ስወለድ ስም አገኘች፤ የኔን። ግቢ ውስጥ "ባርኖ!" ሲል ሁለታችንም እኩል ብድግ እንላለን። የምንለየው በድምፁ ነው። ለስለስ ካለ እሷን ነው፣ ቆጣ ካለ እኔን። እሷም በበኩሏ "የባርኖ አባት" ነው የምትለው። በዚህ ቤት እኔ የሌለሁበት ጥሪ የለም ማለት ነው።

አባቴ ኡስታ ኡበይዱላ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ኡስታ የሚባለው በእጅ ሙያው የተካነ ሰው ነው። የሚሠራው ላጋን ነው፤ ፕሎቭ የሚባለው የሩዝና የሥጋ ምግብ ተከምሮበት ስድስት ሰው ዙሪያውን ከቦ የሚበላበትን ትልቅ ዝርግ ሳህን። ጭቃውን ይረግጣል፣ እያሽከረከረ ቅርጽ ያወጣለታል፣ ያደርቀዋል፣ ነጭ አፈር ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ ላጋኑ ወደ እናቴ ይሄዳል።

እናቴ እርሳስ ይዛ አትነድፍም። ላጋኑን በምትሽከረከር ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና በግራ እጇ ገፋ ታደርጋታለች። ብሩሹን ባለበት ታቆመዋለች፤ ክቡ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ብሩሹን ከአህያ ጋማ የምትሠራውም ራሷ ናት። መሀል ላይ የተሰነጠቀ ሮማን፣ በሮማኑ ዙሪያ ክፉ ዓይን የሚቆርጡ ቢላዋዎች፣ ጠርዙ ላይ የለውዝ ፍሬ። ስትስለው ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ለሚያየው ሰው ምንም አያጓጓም። ሰማያዊ የሚሆነው ከበረሃ ቁጥቋጦ አመድ የሚሠራው ቅብ ተደርቦበት እሳት ከበላው በኋላ ነው። እሷ ግን ገና ግራጫ ሳለ የቱ ደማቅ፣ የቱ ፈዛዛ እንደሚሆን ታውቀዋለች። እኔ ከተወለድኩ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስትሳሳት አላየሁም።

ላጋኑ ጀርባ ላይ የሚጻፈው የአባቴ ስም ነው። የምትጽፈውም እሷ ናት፣ በዚያው ብሩሽ።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ብሩሽ ከያዝኩ ሮማኑ ድንች ይሆናል። በልጅነቴ አንድ ቢላዋ ሥዬ ሳሳያት "ማንኪያው ያምራል" ብላኛለች። ይህን የምናገረው ለትሕትና አይደለም። ማንም ለትሕትና ነው እንዳይለኝ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ባለፈው ዓመት፣ መጋቢት ላይ ለሚውለው የናቭሩዝ የአዲስ ዓመት በዓል፣ በክፍለ ሀገሩ ከተማ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ቆቢልጆን የሚባል ቦርሳውን ከእጁ የማይለይ ሰው የሚታየውን ዕቃ ሊመርጥ ቤታችን መጣ። ትልቁን ላጋን ሲያይ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ኡስታ፣ ቅርጹ የእርስዎ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ይሄን የመሰለ ሥዕል የሳለውስ ማነው?" አለ።

አባቴ በአገጩ ወደ ሥራ ክፍሉ ጠቆመ። "ባርኖ" አለ።

አልዋሸም። እሱ እንደሚያውቀው መለሰ። ቆቢልጆንም እንደሰማው ጻፈ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት እናቴ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን የሐር ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ላጋኑ መስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶለት ቆሟል። ሰው ከቦታል። እናቴ እየተጋፋች ገባችና ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ። "ቅርጽ፦ ኡስታ ኡበይዱላ። ሥዕል፦ ልጃቸው ባርኖ።"

እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ቤት ገብተን ቀሚሱን እያጣጠፈች ነው የተናገረችው።

"ስሜ የተጻፈበትን ቦታ ልንገርሽ? መታወቂያዬ ላይ፣ የጋብቻ ወረቀቴ ላይ፣ የሐኪም ቤት ካርዴ ላይ። እነዚህን ደግሞ ማን ያነባቸዋል? ሰው ቆሞ የሚያነበው ቦታ ላይ አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።"

ይህን ብላ ሳጥኑን ዘጋች። ሁለተኛ አላነሳችውም። ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናት። የኔ ሆድ ግን እንዲህ ያለውን ነገር መፍጀት አይችልም።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ። የምስክር ወረቀት መጣ፣ በኔ ስም፣ በወርቃማ ቀለም። አባቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጎረቤታችን አኖርሆን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "እሰይ! ክኒን ቆጣሪዋ ሠዓሊ ሆነች! ለራስ ምታቴም አንድ ሮማን ሳትስይልኝ አትቀሪም" አለች፤ እያወቀች እኮ ነው፤ ከእናቴ ጋር ሻይ ስትጠጣ የኖረች ሴት ናት። መድኃኒት ቤቱ ድረስ የማላውቃት ሴትዮ መጥታ ለልጇ ሠርግ ላጋን በእጄ እንድስልላት ለመነችኝ። "እኔ አይደለሁም" ስላት ተቀይማ ሄደች፤ የኮራሁባት መስሏት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼው ነው፤ ለቃሚዎቹ ደግሞ አይደክሙም።

ቆቢልጆን ጋ ደወልኩ።

"ላጋኑን የሳልኩት እኔ አይደለሁም" አልኩት።

"እህቴ፣ እንዲህ እንደምትዪ አውቄ ነበር" አለኝ። "የትልቅ ኡስታ ልጅ መች ራሷን ታወድሳለች? ትሕትናሽ ከሥዕሉ ይበልጣል።"

"ትሕትና አይደለም! ሮማን መሳል አልችልም እያልኩህ ነው!"

"አባትሽም ወጣት ሳሉ ጭቃ አልችልም ይሉ ነበር አሉ" ብሎ ሳቀና ዘጋው።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ እናቴን አስቀምጬ ስልኩን እጇ ላይ አደረግሁ። ራሷ ትናገር፣ ያልቅ አልኩ። ሰውየው "ማን ልበል?" ሲል ሰማሁት።

"የባርኖ እናት ነኝ" አለች እናቴ።

"እንኳን ደስ ያለዎት! እንዲህ ያለች ልጅ ወልደው!"

"አላህ ይስጥልኝ" አለችና ዘጋችው።

ግድግዳውን በግንባሬ ብመታው ደስ ባለኝ። "እማዬ፣ ስምሽን መናገር ምን ያቅታል?" አልኳት። "ማነሽ ሲለኝ ያው ማንነቴን ነገርኩት" አለችኝ። ስታስቡት ልክ ናት። የሚያናድደውም ልክ መሆኗ ነው።

መስከረም ላይ ሌላ ወሬ መጣ። በኤግዚቢሽኑ የታዩት ዕቃዎች ከነፎቷቸው በመጽሐፍ ሊታተሙ ነው። ወረቀት እንኳ ይቀደዳል፤ መጽሐፍ ግን መቶ ዓመት ይቀመጣል። እንደገና ደወልኩ። ቆቢልጆን በዚህ ጊዜ ሰለቸው መሰለኝ፣ የሥራ ቤቱ በአባቴ ስም የተመዘገበ ስለሆነ ማስተካከያ ካለ ከኡስታው አንደበት ብቻ እንደሚቀበል ነገረኝ። ሐሙስ ረቂቁን ይዞ እንደሚመጣ፣ ቅዳሜ ማተሚያ ቤት እንደሚገባም ጨመረ።

አባቴን ጭቃ ሲረግጥ አገኘሁት።

"ሐሙስ ሰውየው ሲመጣ ይንገሩት" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ሪሶላት ነች የሳለችው ብለው።"

ሰው ሰማ አልሰማ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም አልነበረም።

"አንቺ ልጅ፣ ትንሽ እፈሪ! የሚስቴን ስም ለመንገደኛ ሰው ልስጥ? ሻሿን አውልቄ ገበያ ባወጣት ምን ይለያል?"

"ሥዕሏን ገበያ ሲያወጡት ምነው አላፈሩ?"

"ሥዕል ሌላ፣ ስም ሌላ።"

"አባዬ፣ መጽሐፍ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።"

"ዝም አይነቅዝም" ብሎ ተረቴን በተረት መለሰልኝ። ጭቃውን መርገጥ ቀጠለ። "አባቴም እናቴን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ምን ጎደለባት?"

"አንድ ቀን እንኳ ሲጠራት አልሰሙም?"

እግሩ ቆመ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

"አንዴ ሰምቼዋለሁ" አለ ቆይቶ። "አስክሬኗ ሲወጣ። በሩን ይዞ ስሟን ጠራት። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ እሱ የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር።"

በጭቃ እግሩ ወደ ቧንቧው ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ይሸከማል።

ለእናቴ ነገርኳት። "ተይው፣ ሰውየውን አታስጨንቂው፤ ሆዱ ይታመምበታል" አለችኝ። ይኼው ነው! አንዱን ስገፋ ሌላዋ ትይዛለች። ለማን ብዬ እንደምጮህ ራሴም ጠፋኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ቆቢልጆን መጣ። ከወይኑ ሐረግ ሥር ባለው የእንጨት መደብ ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስቀመጥነው። ዳቦ ቆረስን፣ ዘቢብና ለውዝ ቀረበ። እናቴ ሰላም ብላው፣ ሻይ አፍልታ አቀረበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ነጩ አፈር ሳይደርቅ መሳል ያለበት ላጋን ነበራት። የሥራ ክፍሉ በር ክፍት ነው። አሥር እርምጃ ብንርቅ ነው፤ ጀርባዋ፣ የሚሽከረከረው ጠረጴዛ፣ ክንዷ ከፍ ዝቅ ሲል ሁሉ ይታየናል።

በእኛ ዘንድ ሻይ ለእንግዳ ከመቀዳቱ በፊት ሦስት ጊዜ ከሲኒው ወደ ማንቆርቆሪያው ይመለሳል። አባቴ የዚያን ዕለት ስድስት ጊዜ መለሰው። ሰውየው ረቂቁን ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋ። የላጋኑ ፎቶ ገጹን ሞልቶታል። ሥሩ የኔ ስም።

"እንግዲህ ኡስታ" አለ፣ "እህታችን ስሕተት አለ እያለች ስታስቸግረኝ ከርማለች። አለ ወይስ የለም?"

አባቴን አየሁት። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ዳቦ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። የለም ካለ ያን መጽሐፍ በሕይወቴ አልከፍተውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

"አለ" አለ አባቴ።

"ታዲያ ማን ብዬ ልጻፍ?"

"የ... የልጆቼ እናት ናት የሳለችው።"

"እንዲያ ብዬማ አልጽፍም፣ ኡስታ። ስማቸውን ይንገሩኝ።"

አባቴ ጎንበስ አለ። ከዚያ የሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚመልስ ሰው፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ "ሪሶላት" አለ።

"ይቅርታ፣ አልሰማሁም።"

"ሪሶላት!" አለ አባቴ፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብሎ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ቆቢልጆን ስሜን በአንድ መሥመር ሰረዘውና ከላዩ ጻፈ። አየሁት፤ ፊደል በፊደል አየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስድስት ወር የተናደድኩት ሁሉ ከትከሻዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

"በሉ ይጥሯቸው፣ አጠገቡ ይፈርሙልኝ" አለ ሰውየው።

አባቴ ከመደቡ ወረደ። ጫማውን እንኳ አላደረገም። አንዴ ስሟ ከአፉ ከወጣ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ሥራ ክፍሉ አዙሮ ደረቱን ነፋ አድርጎ ተጣራ።

"ሪሶላት!"

እናቴ አልዞረችም። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

"ሪሶላት!" አለ እንደገና፣ በለሰለሰው ድምፁ፣ እሷን በሚጠራበት ድምፅ።

ጠረጴዛዋን በግራ እጇ ገፋ አደረገቻት። ላጋኑ ዞረ። አባቴ ባዶ እግሩን ግቢው መሀል ቆሞ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራት። ቆቢልጆን እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

"የባርኖ አባት" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ "የሚጠሯትን ሴትዮ ከበር ላይ አያቁሟት፣ ትግባ ይበሏት። እኔ እጄ ቀለም ነው፤ ባርኖ ሻይ ትቅዳላት።"