ለስምንተኛ ክፍል የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ውጫሌ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳዲስ ዴስኮች መጡ። ከአይሱዙው ላይ ሲወርዱ የቫርኒሹ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ተማሪዎቹ እየተጋፉ አፍንጫቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ሲያሸቱ እኔ ጥግ ይዤ ዓይኔ እንባ ሞላና፣ ርእሰ መምህሩ «አለርጂክ አለብሽ እንዴ?» ብለው ውሃ አስመጡልኝ። አለርጂክስ የለብኝም። ዴስክ ያልነበረበት ዓመት ትዝ ብሎኝ ነው፤ ግን ለሰው እንዲህ ብሎ ማስረዳት ስለሚያስቸግር ውሃውን ጠጣሁት።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አርዲቦ ሐይቅ ቁልቁል በሚታይበት የገጠር ትምህርት ቤታችን። ጦርነቱ በሰፈራችን አልፎ ከሽሽት ስንመለስ የክፍላችን በር የለም፣ መስኮቱ የለም፣ ዴስኩ ማገዶ ሆኖ አመዱ ጥግ ላይ ተቆልሏል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደግሞ ማን እንደተኮሰው የማናውቀው ሦስት ቀዳዳ ስላለ ሒሳብ ስንማር የአስርዮሽ ነጥቡ ከቀዳዳው ጋር ይምታታብን ነበር። ሁሉም የሚቀመጥበትን ድንጋይ ከየቤቱ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እኔና ጓደኛዬ ዘሐራ አንድ ቢጫ ጀሪካን አጋድመን እኩል እንቀመጥበታለን፤ አንዳችን በተነቃነቅን ቁጥር ስለሚያጉረመርም «የሉባባ ሆድ ጮኸ» እያሉ ይስቁብኛል። እውነቱን ለመናገር ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ የሚጮኸው ሁልጊዜ ጀሪካኑ አልነበረም።

የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር አበጀ ነበሩ፤ ሳይንስ የሚያስተምሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ በኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔና ቆሎ አንድ ላይ የሚይዙ ሰው። ከጦርነቱ በፊት፣ ያ ለውጥ ለውጥ የሚባልበት ሰሞን፣ ሌሎቹ መምህራን ሬዲዮ ከበው ሲከራከሩ እሳቸው የክፍሉ በር ላይ ቆመው የየአንዳንዳችንን እጅ እየያዙ ጥፍራችንን ያዩ ነበር። «አገር ሲለወጥ እሳቸው ጥፍር ይቆጥራሉ» ብለን አሹፈንባቸዋል። ጥፍሩ ሰበብ እንደነበር፣ እጃችንን ይዘው የሚያዩት ፊታችንን እንደነበር የገባኝ እኔም አስተማሪ ሆኜ በር ላይ መቆም ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የእርዳታ ድርጅት ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ከከተማ መጥተው ወረቀት አደሉን። ሦስት ፊት ተስሎበታል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዝም ብሏል፣ አንዱ ያለቅሳል። «የሚሰማችሁን የሚመስለው ላይ ምልክት አድርጉ» አሉን። አጃኢብ ነው! ያ ሁሉ ልጅ የሚስቀው ላይ ምልክት አደረገ፤ ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ወንድሙን የቀበረውም። ምን እናድርግ? እንዴት አደርክ ሲሉት ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ላደገ ልጅ የሚያለቅሰውን ፊት መምረጥ ፈጣሪን ማማረር ነው። አንድ ልጅ ብቻ ሦስቱም ላይ ምልክት አድርጎ ለምን ሲባል «እንዳይቀያየሙ ብዬ ነው» አለ። ሰዎቹ «የሚገርም ጥንካሬ ነው» ብለው አመስግነውን ሄዱ። ቲቸር አበጀ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቁ ነው ብለን ነበር፣ ሲዞሩ ግን ዓይናቸው ቀልቷል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? በማግስቱ ስም ሲጠሩ «ሉባባ» አሉ፣ «አቤት» አልኩ፣ «ጊደራችሁ እንዴት አደረች?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ላም ያለውን ስለ ላሙ፣ የሌለውን ስለ ዶሮው፣ ዶሮም የሌለውን ስለ ጎረቤቱ አህያ እየጠየቁ የስም መዝገቡን ጨረሱት። በሳምንቱ ልማድ ሆነ። ሰው ሲያማርር ያስነውረዋል፣ ከብት ቢያማርር ግን ማን ኃጢአት ይለዋል? አንዷ «ዶሯችን ጥሬ አስጠላት» ትላለች፣ ሌላው «በሬያችን ሌሊት እየተነሳ ይቆማል» ይላል፤ መሐመድ የሚባል ልጅ ደግሞ «ድመታችን በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች» አለ። እነ መሐመድ ቤት ድመት ኖሮ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አንድም የሳቀ ልጅ የለም። ቲቸር አበጀ ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ ማለትም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ፣ የሚመታው መሐመድ እንዲሆን አደረጉ። ድምፁ ከገዛ እጁ ሲወጣ አያስደነግጠውም ብለው ይመስለኛል። የመጀመሪያ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ መታው፤ ወር ሳይሞላ ግን እባክህ ቀስ እያልን የምንለምነው እኛ ሆንን።

ዘሐራ ብቻ ጠዋት ጠዋት «ላማችን ደህና ናት ቲቸር» ትልና ትቀመጣለች። አንድ ሰኞ ጀሪካኑ ላይ ብቻዬን ዋልኩ። ስሟ ሲጠራ ከኋላ አንዱ «ዐረብ አገር ሄዳለች» አለ። ቲቸር አበጀ መዝገቡን አጥፈው በር በሌለው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ ቀና ሳይሉም «ደህና ናት ስትለኝ አመንኳት» አሉ። ከዚያ በኋላም ስሟን አልሰረዙትም፤ ዓመቱ እስኪያልቅ በየማለዳው ይጠሩታል፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ መሄዷ አንጀቴን አሳረረው፤ ግን ልቀየማት አልቻልኩም፣ እኔም አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝና።

የእኔም የዐረብ አገር ጉዞ ጉዳዩ አልቆ ነበር። አባቴ በሽሽቱ ሰሞን ከብቶቹን ላድን ብሎ ከመንገድ ተመልሶ በዚያው ቀረ፤ ከነበሩን ከብቶች ያች አንዲት ጊደር ብቻ ራሷን ችላ ወደ ቤት መጣች። እናቴ ሌላ መንገድ አልታያትም። ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል ብሎ አስጽፎ፣ እኔ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ባንድ ጀንበር ጎረምሶች «እትዬ» የሚሉኝ ሴት ሆኛለሁ። «ዓይን እንዳይገባብሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ እናቴ አስምላኝ ነበር፤ ስለ ጊደሯ ግን አልማልኩም።

«ጊደራችሁስ፣ ሉባባ?» አሉኝ ዓርብ ጠዋት።

«ሩቅ አገር ልትሄድ ነው፣ ቲቸር።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መሄዱን ትፈልገዋለች?»

«እንጃ፣ የጠየቃት የለም» አልኩና ለቅሶዬ አመለጠኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር አበጀ የሰፈራችንን ሸህና የላይኛውን ደብር ቄስ አስከትለው፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። በእኛ አገር እንዲህ ሆነው ለሚመጡ ሦስት ወንዶች ያለው ጉዳይ አንድ ነው። እናቴ በበሩ አጮልቃ አይታ «ያረቢ! ይችን ጥፍራም ደግሞ ማን አይቷት ነው?» አለችና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ግቡ፣ ተቀመጡ ስትላቸው፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። «እንግዲያስ ልጄ ተሰጥታለች» አለች እናቴ ሳታስበው።

«ለማን?» አሉ ሸሁ።

እናቴ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

«እኛም ልጅሽን ልንለምን ነው የመጣነው፣ እታለም» አሉ ቲቸር አበጀ። «ለስምንተኛ ክፍል ፈተና። እስከ ሰኔ ብቻ ስጪን።»

እናቴ ሳቀች። ለስምንተኛ ክፍል ሽማግሌ ሲላክ ማን አይቶ ያውቃል! ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፤ አባቴ ከቀረ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ማን ያርስልኛል? ሴት ሞፈር አትጨብጥ! ይች ልጅ ካልሄደች በምን ልንኖር ነው?» እያለች ስትጮህ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት፣ አብሽሪም አላሏት፣ ይሁን ብለው ሊያጽናኗትም አልሞከሩም። ስትጨርስ ሸሁና ቄሱ ተያዩ። ከጦርነቱ የተረፋቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ነው። «እናቀናጃቸዋለን» አሉ ቄሱ።

ቀን መምረጡ ነበር ጣጣው፤ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ ሐሙስ ደግሞ የቄሱ ታቦት ነው፤ በመጨረሻ ማክሰኞ ተስማሙና ትምህርት ቤቱ ለክፍላችን ግማሽ ቀን ፈቀደ። የሸሁ በሬ ሰነፍ፣ የቄሱ በሬ ችኩል፣ እርፉን የጨበጡት ደግሞ ጠመኔ እንጂ ሞፈር ይዘው የማያውቁት ቲቸር አበጀ! ትልሙ እየተጣመመ ወደ ጎረቤት ድንበር ሊገባ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሳቀ። እኛም ከኋላ ከኋላ ጓሉን እየከሰከስን ዋልን። ማታ ላይ እናቴ ፓስፖርቴን ከሣጥኑ አውጥታ ትራሷ ሥር አደረገችው፤ አልቀደደችውም፣ ግን ደላላው ሲመጣ «እስከ ሰኔ ለሽማግሌ ሰጥቻታለሁ» ስትለው ሰማሁ።

ፈተናውን አለፍኩ። መስከረም ሲጠባ ሦስቱ ሰዎች እንደገና ደጃችን ቆሙ፤ እናቴ «ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?» ብትል «ዘጠነኛ ክፍል ልጅሽን ወዷታል» አሏት። በየዓመቱ እንዲህ እየመጡ ይለምናሉ፣ እናቴም በየዓመቱ እንደ ደንቡ ትግደረደራለች፣ ስጋ አንዱ የሌላውን ስለማይበላ ለሁሉም የሚሆን ንፍሮ ከዋዜማው ጀምራ ትቀቅላለች። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲመጡ ሸሁ ሞተው ስለነበር ሁለት ሆነው ነው የቆሙት።

ቲቸር አበጀ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። እኛ ትምህርት ቤት «የምክር አገልግሎት» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል አለ፤ ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። እኔም የክፍሌ በር ላይ ቆሜ የተማሪዎቼን እጅ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ግን የእሳቸውን ያህል አላይም፤ ማንን እንዳላየሁ ደግሞ የማውቀው ሄዶ ሲቀር ነው።

ዘሐራ አሁንም እዚያው ዐረብ አገር ናት፣ የሰው ልጆች አሳድጋ ልትጨርስ ነው። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ባለፈው ረመዳን ስንጫወት የሽማግሌዎቹን ነገር እንደ ቀልድ አነሳሁላት፤ ስለ ጠማማው ትልም፣ ስለ ችኩሉ በሬ ስነግራት እየሳቀች ስትሰማኝ ቆየች። ከዚያ «ለእኔስ ለምን አልመጡም?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። አንቺ ስላመለጥሻቸው ነው ለእኔ የደረሱልኝ፣ ዘሐራ። ልነግራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁት።