ነፋስ ያልደረሰው ገብስ

በዚያ ዓመት በኅዳር ያለ ወራቱ የጣለው ዝናብ ገብሳችንን ከአውድማ ሳይነሣ ደረሰበት። የማያባራ መሆኑን ባየን ጊዜ፣ ያልደረቀውን እህል እየተሸከምን ከቤታችን ጀርባ ከአለት በተፈለፈለው ዋሻ ከመርነው። ዋሻው አፉ ክፍት፣ ጀርባው ድፍን ነው፤ ክምሩም በስተኋላ ጣሪያውን ነካ። ለከርሞ የምንዘራው ሁሉ ያ ነበር። ዝናቡ የላስታን ደጋ በሙሉ ስለ መታው ከጎረቤት ዘር መበደር አይታሰብም።

በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ከማኅሌት ስመለስ ሽታው ከደጅ ተቀበለኝ፤ ብቅል ብቅል የሚል፣ ግን የከረፋ። እጄን እስከ ክርኔ ባስገባው ንዳድ እንደ ያዘው ሕፃን ገላ ይፋጃል። እርጥብ እህል ሲታፈን ከራሱ ይግላል፤ አብዝቶ ከጋለም አይበቅልም። ዘርግተን እንዳናናፍሰው ውጭው ዝናብ ነው፤ ቤታችንም ከከብቶቹ ተርፎ ለእኛ አይበቃም። በዓሉን አስቤ ቆሜ ስቀር ባለቤቴ፣ «በሬዎ ገደል ቢገባ ኖሮ፣ ዛሬ በዓል ነው ብለው ይተዉት ነበር?» አለችኝ።

ክምሩን በነፋስ የማቀዘቅዝበት ወናፍ ልለምን ወደ መንደራችን ቀጥቃጭ ወረድሁ። በበዓል ብረት ሲመታ አግኝቼ በሰው ፊት የገሠጽሁት ሰው ነው።

«መሪጌታ፣ የእኔ ወናፍ በዓል ታከብራለች» አለኝ። «ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።»

አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት አይቶኝ ወናፉን ራሱ ተሸክሞ ተከተለኝ።

ሸምበቆ ከክምሩ ሰክተን በእርሱ ነፋን። እንፋሎት ተግተልትሎ ወጣ። እጄን ባስገባው ቀዝቅዟል፤ ተመስገን አልሁ። ቀጥቃጩ ክንዱ እስኪዝል ሲነፋ እኔ ያንኑ ቦታ እየደጋገምሁ እዳስሳለሁ። ባለቤቴ ግን በክምሩ ላይ ተስባ ወደ ጥጉ ተጠጋች፤ እጇን ሰድዳ ቶሎ መለሰችው። ነፋሳችን በቀረበው ገብስ መካከል ሾልኮ በገባበት አፍ ይመለስ ነበር እንጂ ከጀርባው አልደረሰም። ሸምበቆውን ወደ ውስጥ ብንገፋው ተሰበረ። ከላይ እየዛቅን ለነፋሱ መውጫ ልንከፍትለት ሞከርን፤ ከጥጉ የሚወጣው ግን ጠቁሮ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ እየጨሰ ነበር።

ከአፉም ከጥጉም ጥቂት ጥቂት ወስጄ ይበቅል እንደ ሆነ ለማየት በእርጥብ ጨርቅ ለየብቻ ቋጠርሁ። በቅዳሴ ስለ ነፋሳትና ስለ ምድር ፍሬ የሚለመነው ልመና በደረሰ ጊዜ ሐሳቤ ከቋጠሮው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨርቁን ስፈታ የአፉ ገብስ ነጭ ሥር አውጥቷል። የጥጉ አብጦ ሸትቷል እንጂ አንዲት ፍሬ እንኳ አልነቃችም። ባለቤቴ የተረፈውን ዘር ከአንድ ስልቻ አስገባችው፤ ስልቻው አልሞላም። አፉን እያሰረች፣ «የትኛው ማሳ ጦም ይደር?» አለችኝ።

ማሳዎቹን በልቤ አንድ በአንድ ዞርኋቸው። እርሷም ገመዱን እንደያዘች መልሴን ትጠብቅ ነበር።