የሚኤሶዋ ልጅ ደህና ናት ወይ

ያን ቀን ጭሮ እቤቴ የነበርነው እኔ፣ ልጄ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሚኤሶ የመጣችው ሴት፣ ሴት ልጇና የጫት መኪና የሚነዳው የሴትዮዋ ወንድም ነን። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር።

ከሴትዮዋ ጋር የተዋወቅነው አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ነው። የሁለታችንም ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ ወጥቶባቸው ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ዓይነት። የእሷ ልጅ በውኃ ጥም ነው የታወቀባት። ሚኤሶ በሙቀቱ ሁሉም ይጠጣል፣ እሷ ግን የቤቱን ጄሪካን ብቻዋን ትጨርስ ነበር። የእኔን ልጅ ራሱን እያመመው ያስመልሰው ጀመር፤ በኋላ ዓይኑን ወደ ላይ ማንሳት አቃተው። ተራራውን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ ይጥል ነበር።

በሽታው አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ይሆናል ብዬ ነበር። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ።

"የእሷ በጨረር የሚጠፋው ዓይነት ነው፤ አብዛኞቹ ይድናሉ። የልጅሽ ድብልቅ ነው። መጀመሪያ ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥር ይወስዳል፣ ከዚያ ጨረር፤ የቀረ ካለ ቀዶ ጥገና። የሚድኑ አሉ። ግን ሊመለስ ስለሚችል እንከታተለዋለን።"

በሽታ እንኳ ለእሷ የተሻለው ደረሳት፣ አልኩ በሆዴ።

እና ያን ቀን ሊጠይቁን መጡ። ልጅቷ ፀጉሯ በቅሏል፣ ጉንጯ ሞልቷል። የእኔ ልጅ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ተቀምጧል።

"እንዴት ሆነች?" አልኳት።

"ያው ናት።"

ወንድሟ ሳቀ። "ምን ያው ናት ትያለሽ አቦ። ዕጢው ፎቶው ላይ የለም አሉ እኮ። አሁን ያስቸገረን ምላሷ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ዝም አትልም።"

"አንተ መኪናህን ንዳ" አለችው።

እዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሰው ልጅ አምሮበት ሲያይ "ማሻ አላህ" ይላል፣ ዓይን እንዳይሆን። ሴትዮዋ ጠበቀችኝ። ልጅቷን አየኋት፣ ከዚያ የልጄን ኮፍያ አየሁ። አፌ አልከፈት አለኝ። ሴትዮዋ ሻርፗን ከትከሻዋ ስባ የልጅቷን ፊት ሸፈነች።

"ማሻ አላህ፣ እደጊ ልጄ" አሉ የባለቤቴ እናት በእኔ ፈንታ።

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። "ጫቱ ይጠወልግበታል" አለች እናትየዋ። መኪናው ባዶ እንደነበር በመስኮት አይቻለሁ። ልጅቷ በር ላይ ዞር ብላ ልጄን "ፀጉር ይበቅላል፣ የእኔን አየህ አይደል" አለችው።

ልጄ መድኃኒቱንም ጨረሩንም ጨረሰ። ፎቶው ላይ ትንሽ ጥላ ቀርቷል፣ አላደገም፤ በየቀጠሮው እናመላልሰዋለን። ልጅቷን ግን ሆስፒታል አላየናትም። የጥሟን መድኃኒት ዕድሜዋን ሙሉ መውሰድ አለባት፤ ካቋረጠች የሰውነቷ ውኃ ያልቃል ብለው ነበር ሐኪሞቹ። የእናቷ ስልክ አይሠራም። ለቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ ሚኤሶ ሲቆም ወርጄ ጠየቅሁ፤ ወደ ቦርደዴ ሄደዋል አሉኝ።

ልጄ ስለ እሷ ይጠይቀኛል። ድና ባገኛት እንደገና እንደምቀና አውቃለሁ፤ እሷ ደህና ትሁን እንጂ እኔ ልቅና።

ቦርደዴ ያላችሁ፣ የውኃ ኮዳ ከእጇ የማይለይ፣ ብዙ የምታወራ ልጅ ካያችሁ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።