ሳሙና ላይ የታተመ ክር

ጋሼ ሞረድ የሌባ ፊልም ሲያይ ያመዋል። ሌባውስ ምንም አይል፤ አንጀቱን የሚያሳርረው የፀጉር ማስያዣዋ ናት። አንዱ ቀጭን ተዋናይ ወደ ብረት በር ይጠጋና ከኪሱ የሴት ፀጉር ማስያዣ መዝዞ ቀዳዳው ውስጥ ሁለቴ ያዞራታል፤ በሩ ወለል ይላል። ይኼኔ ጋሼ ሞረድ ቱግ ይላል። ይህን የጻፈው ሰው በዕድሜው አንዴ እንኳ በር ቆልፎ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ተዋናዩን ይሰድባል፣ መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል። ሚስቱ በሰፈሩ ከዕቃ ጋር የሚጣላ ባል ያላት እሷ ብቻ እንደሆነች ለጎረቤት አውርታ ጨርሳለች።

ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁ ከአሮጌው ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ሲቆምባት የምትሞላ ጥግ ናት። ከፊቱ ብረት ነክሶ የሚይዝለት ሞርሳ፣ ከጀርባው በሽቦ ተሰክተው የተንጠለጠሉ ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች፣ ከእግሩ ሥር የብረት ብናኝ። የመቅረጫ ማሽን አለው፤ ግን የመጨረሻዋን ጥርስ ለማሽን አያምናትም፣ በሞረድ ነው የሚጨርሳት። ቅጽል ስሙ የወጣለት ለእጁ ይሁን ለአፉ ሰፈሩ እስካሁን አልተስማማም።

ደንብም አለው። በሩን ሳያይ ቁልፍ አይቀርጽም። ቁልፉን በእጅህ ይዘህ ብትመጣ እንኳ «የማን በር ነው?» ይልሃል፤ መልስህ ካልጣመው መሣሪያውን ጠቅልሎ አብሮህ ይሄዳል፣ ጎረቤት አንኳክቶ ይህ ሰው የዚህ ቤት ሰው ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የቸኮለ ደንበኛ ተሳድቦ ወደ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ይሄዳል። ይሂዳ። ሰፈሩ ይህን ጭቅጭቁን ወዶለታል፣ ለሃቀኛነቱም ምስክር አድርጎታል። ደንቡ ከየት እንደመጣ ግን አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊልም ሠሪ ነኝ የሚል ወጣት መጣ። ሰፈሩ በኋላ «ዳይሬክተሩ» ያለው እሱ ነው። የጫማው ሶል ተላቅቆ እየተንጠለጠለ ስለ መሀል ከተማ እውነተኛ ሕይወት ያወራል። በፊልሙ ኪስ አውላቂ፣ ስልክ ነጣቂ፣ ቤት የሚዘርፍ አለ፤ መኪና መኪናን አያሳድድም፣ ምክንያቱም መኪና የላቸውም። ያላቸው አንድ ካሜራ፣ የተበደሩት መብራትና መጥረጊያ እንጨት ላይ የታሰረ ማይክራፎን ነው። ቤት ተከራይተው ማስመሰል ስለማይችሉ እውነተኛ ሱቅና እውነተኛ ደረጃ ይፈልጋሉ። ለሁለት ቀን ሱቅህን ስጠን ነው ነገሩ።

ጋሼ ሞረድ የፊልሙ ታሪክ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብሎ አነበበ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ደም መሰለ። እዚያም ያቺው የፀጉር ማስያዣ ተቀምጣለች።

እውነተኛ ሕይወት ማለትህ ይህን ነው ወይ ብሎ ወረቀቱን ሞርሳው ላይ ወረወረለት። አፍሮ ይሄድ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ልጁ ግን ደብተር አወጣ።

«እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ሌባ እንዴት ነው የሚገባው?»

«በቁልፍ ነዋ። ሌባ እንደ ሰው በቁልፍ ነው የሚገባው።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ልጁ እየሳቀ፣ እያደነቀ፣ እየጻፈ ይጠይቃል፤ ጋሼ ሞረድም በንዴት ይመልሳል። የልብስ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ እንደሚለሰልስ፣ ቁልፍ በሁለት ጎኑ እንደሚታተምበት፣ ለዚያም ዓይን ከበሩ የሚነሣበት አንድ ደቂቃ እንደሚበቃ፣ ሳሙናው ሲደርቅ ጥርሱ እንደሚጠብና የማያውቅ ቁልፍ ሠሪ እዚያ ላይ እንደሚሳሳት ነገረው። ዳይሬክተሩ ብዕሩን አቁሞ፣ ይህን ሰምተው ነው ወይስ በዓይንዎ አይተው አለ። የሙያ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳብደው ሰምቶ ነው የሚያወራው መባሉ ነው። ጋሼ ሞረድ በእጄ ሠርቼዋለሁ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የቀረውንም ተናገረ።

ሃያ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ሱቁን በከፈተ በአምስተኛው ወር አንድ ትሑት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሳሙና በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ቁልፉ የአክስቴ ነው፣ ታማብኝ ከአልጋ አትነሣም፣ ከእጇም አትለየውም አለ። ሳሙናው ላይ የጥርሱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የቁልፉ ራስ የተጠመጠመበት ክርም፣ ከነቋጠሮው፣ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ጋሼ ሞረድ ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። የሚያስበው ሳሙናው ሲደርቅ የሚጠበውን ልክ ስለ ማስተካከል እንጂ ስለ አክስትየዋ አልነበረም። ቁልፉ ሳይነካካ በአንዴ ከፈተ ሲባል ደስ ብሎት ነበር።

በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ እንባዋን እየጠረገች ሱቁ ደጃፍ ቆመች። መኪናዋን ወስደውባታል፤ የስፌት መኪናዋን፣ እንጀራዋን። በሩ አልተሰበረም፣ ተከፍቶ ተወስዶ ተመልሶ ተቆልፏል። ሌላ ቁልፍ ያለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ብቻ ነው፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው። እና ሰፈር በተሰበሰበበት ሌባ ብላ ሻንጣውን ወርውራለታለች። አሁን የመጣችው ጋኑን እንዲቀይርላት ነው፤ ጋኑ ማለት ቁልፉ የሚገባበት ሆድ ዕቃ ነው። የድሮውን ቁልፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችለት። ራሱ ተሰንጥቆ በስፌት ክር ተጠምጥሟል።

ጋሼ ሞረድ አየው፣ አወቀው። ዛሬ ቢናገር ነገ ቁልፍ የሚያሠራው እንደሌለ አሰበ። የእህትና የወንድም ጠብ ወር አይሞላም ብሎም ራሱን አጽናና። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጋኑን ቀየረላት፤ ዋጋ አልቀበልም ሲላትም «እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን» ብላ መረቀችው። ይህን ምርቃት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይዞት ኖሯል። ጠቡም ወር ሞላ፣ ዓመት ሞላ።

ለዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ ሲነግረው ሴትየዋ በሕይወት እንዳለች፣ ያውም አሁን ከመንገዱ ማዶ ሱሪ እያሳጠረች እንደሆነች አልነገረውም። የፀጉር ማስያዣዋ ግን ከወረቀቱ ተሰረዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቀረጻው ሁለት ቀን ፈጀ። ቁልፍ ሠሪውን የሚጫወተው ተዋናይ ሞረዱን እንደ ማንኪያ ያዘው። ጋሼ ሞረድ ጥግ ላይ ቆሞ ጥርሱን ነክሶ ቻለ፣ ቻለና አልቻለም። ተነሥ አንተ ብሎ ራሱ ተቀመጠ፤ እጁ ብቻ እንዲቀረጽ ተስማሙ። የሌባው ሳሙናም ጠንክሮ ነበር፤ ራሱ አለሰለሰው። አንዷ ልጅ ለፊልሙ ቁልፍ ክር ስትጠመጥም የሱፍ ኳስ አስመሰለችው። ቀማትና ጥብቅ አድርጎ፣ ፈትል ከፈትል ሳያነባብር ጠመጠመው። ቋጠሮውን ወደ ግራ አድርጎ፣ እንደዚያ ነበር አለ። ምን እያደረገ እንደሆነ አንዴም አልመጣለትም። በዚያ ሰዓት ጭንቁ ክሩ በትክክል መጠምጠሙ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ከማዶ እንደ ልማዷ «ጋሼ እንዴት አደሩ» ስትለው ነው ታሪኩ የእሷ መሆኑ እንደ መብረቅ የወረደበት። ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ ዳይሬክተሩን ፈለገው። የስፌት መኪናውን ከፊልሙ አውጣ፣ አለዚያ ካሜራህን እሰብረዋለሁ አለው። ልጁ ግራ ተጋባ። የስፌት መኪና የሚያበድራቸው ስላላገኙ ለካ የሚሰረቀውን ዕቃ ድሮ ቴሌቪዥን አድርገውታል። ጋሼ ሞረድ ተነፈሰ። ክሩን ረሳው።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንሶላ ታየ። ልብስ ሰፊዋም መጣች፤ የፖሊሱን ልብስ ያጠበበችው እሷ ስለነበረች በክብር ተጋብዛ ከጋሼ ሞረድና ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ጋሼ ሞረድ እሳት ነበር። ፖሊሱ የጥበቃ ሠራተኛ ቆብ አድርጓል። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው፣ ፍሬው ይታያል። ሌባው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲሮጥ ባዶ ካርቶን እንደያዘ ያስታውቃል። ይህን ሁሉ እያጉረመረመ ይቆጥራል፤ ልብስ ሰፊዋም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

ከዚያ አንሶላው ላይ ሁለት እጆች መጡ። አዳራሹ የማን እጅ እንደሆነ አውቆ አጨበጨበ። እጆቹ ጨርቁን ፈቱ፣ ሳሙናውን ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ካሜራውም ተጠጋ። ክሩ አንሶላውን ሞላው። ፈትሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮዋ፣ ወደ ግራ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን አቆመች። ወደ እሱ አልዞረችም። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ በሰው ጉልበት መሀል እየተሹለከለከች ወጣች።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሼ ሞረድ ዳይሬክተሩን በር ላይ አንገቱን ያዘው። አዋረድከኝ፣ ሸጥከኝ፣ አምኜ የነገርኩህን አደባባይ አሰጣኸው አለ። ልጁ አልተቆጣም፤ ጨርሶ የገባውም አይመስልም።

«ጋሼ፣ ክሩን የጠመጠሙት እኮ እርስዎ ነዎት» አለው።

እጁ ከልጁ ኮሌታ ላይ ወረደ። ሰዎች ከበው እጅህ ከተዋናዩ በለጠ እያሉ ይቀልዱበታል፤ አንዱ የሳሙናው ነገር የምር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የሌባ ፊልም ውሸት ነው እያለ ዕድሜውን የተንጨረጨረው ሰው፣ ፊልም አይደል እንዴ፣ ውሸት ነው ብሎ ገላገለው። ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰዉ እስኪበተን ጠበቀችው።

«ውሸት ነው አልክ?» አለችው። ሃያ ሰባት ዓመት ‘እርስዎ’ ስትለው የኖረች ሴት ናት። «እኔ ግራኝ ነኝ። በዚህ ሰፈር ወደ ግራ የምቋጥር እኔ ብቻ ነኝ።»

ውሸቱ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሩ ውሸት ነው። ጋኑን ስቀይርልሽ ቁልፍሽን አይቼ፣ ክሩ ትዝ ብሎኝ ለፊልም ማሳመሪያ ተጠቀምኩበት ማለት ይችላል። ማን ያስተባብለዋል? በራሱ ላይ የመጣበት ንዴት ነው ያንን ውሸት የበላበት።

«የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያንቺ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«መቼ አወቅክ?»

«ጋኑን ልታስቀይሪ የመጣሽ ዕለት።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ያን ዕለት ወንድሜ ገና አልሄደም ነበር። ካንተ ሱቅ በላይ ደረጃው ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነበር። እጠራው እንደሆነ ብሎ ነው። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጥብቃ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ የት እንዳለ ታውቃለች። ሰው ነግሯታል፤ በከተማው ጫፍ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይጠግናል፣ እሷ አይታቸው የማታውቅ ሁለት ልጆች አሉት። ነገ ጠዋት ሱቅህን አትከፍትም፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ መንገድ ላይ ግን እንዳታናግረኝ አለችው።

በማግስቱ በአንድ አውቶቡስ ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ መቀመጫ። ጋሼ ሞረድ የሚለውን በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ሲያፈርስ ደረሰ። ወንድምየውን ጥግ ይዞ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል፤ ወንድ ለወንድ ይግባባሉ፤ ምናልባት አንድ ቀን ይቅር ይለዋል።

ጋራዡ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩ። ፀጉሩ ጎኑ ላይ የሸበተ ሰው ከጎማ ክምር መሀል ቀና አለና ልብስ ሰፊዋን አየ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አልተወም። ወደ እሷ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

ጋሼ ሞረድ ተጠጋውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ለብቻህ ላናግርህ አለው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ክንዱን ይዛ አስቆመችው።

«ለብቻው አይደለም» አለች። «እኔ ሌባ ብዬ ሳባርረው ሰፈር እየሰማ ነው። እዚሁ መሀል ቁምና ጮክ ብለህ ተናገር።»